አባቴ መምህሩ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን በፔዳ ግቢ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ አባቴ እንድናገር ሲጠይቁኝ «ስንት ደቂቃ ነው ያለኝ?» አልኳቸው። «ሃያ» አሉኝ። አባቴ ቢሰማ ይስቅ ነበር። ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ያነሰው ማስታወቂያ እንጂ ትምህርት አይደለም ይል ነበር። እንግዲህ ማስታወቂያ ብላችሁ ስሙኝ።

ከመካከላችሁ አብራችሁት የተማራችሁ አላችሁ። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ፤ ሁለታችሁን በፎቶግራፍ ነው የማውቃችሁ፣ ያኔ ፀጉር ነበራችሁ። እናንተ በስሙ ትጠሩታላችሁ። እኔ ግን «አባቴ» እያልኩ ብናገር ይቅር በሉኝ። ስሙን ከጠራሁ ከኋላ «አቤት» የሚል እየመሰለኝ አልችልም።

አባቴ እዚህ ግቢ የገባው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ያለው አካዳሚ ኦፍ ፔዳጎጂ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተው ያቋቋሙት ተቋም ነበር። ዛሬ «ፔዳ! ፔዳ!» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ቃሉ ከየት እንደመጣ ላያውቅ ይችላል። ዓላማው ለገጠሩ ኑሮ የሚሆን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚያስፋፉ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ የጎልማሶች ትምህርት አደራጆች፣ የማኅበረሰብ ልማት ሠራተኞች ይወጡበት ነበር። ታዲያ ተማሪው ማስተማርን ብቻ ሳይሆን መቆፈርና ማነጽም ጭምር ይለማመድ እንደነበር አባቴ እጁን እያሳየ ይነግረን ነበር። «ይሄ ጠባሳ የዲፕሎማዬ አካል ነው» ይላል።

ብዙ ሳይቆይ ዘመቻው መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ደብተሩን ዘግቶ ሄደ። ከዘመቻ ተመልሶ ጨረሰ፤ በሱፐርቫይዘርነትም ተመደበ። በቅሎ እየተከራየ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት መዞር ነው ሥራው። ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ «ወደ ክፍል መልሱኝ» ብሎ አመለከተ። ከፍ ካለ ቦታ ወርጄ ላስተምር የሚል ሰው ያኔም እንግዳ ነው፤ አጥፍቶ ይሆን እንዴ ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። ምክንያቱን እኔ ስጠይቀው የመለሰልኝ አጭር ነው፤ «ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰው ሲያስተምር ሳይ እጄን ይበላኝ ነበር።»

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መጀመሪያ በአምስት ቋንቋ፣ ኋላ በአሥራ አምስት። አገሪቱ በ1972 ዓ.ም. የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበርን ሽልማት ያገኘችበት ዘመቻ ነው። አባቴ ሽልማቱን ብዙ አያነሳም። የሚያነሳው ከሐይቁ ዳር በፋኖስ ያስተማራቸውን አንድ አዛውንት ነው። አዛውንቱ ከፊደል ገበታው ላይ የሚፈልጉት ስድስት ፊደል ብቻ ነበር፤ የራሳቸውና የአባታቸው ስም። «ሌላው ይቅርብኝ ልጄ፣ ጣቴን ቀለም ከመንከር ብቻ አውጣኝ» አሉት። ስድስቱን ፊደል ሦስት ሌሊት ፈጀባቸው። በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጥተው፣ «እስቲ ደግሞ የሚስቴን ስም» አሉ። አባቴ ይቺን ሲጨርስ ሁልጊዜ ይስቃል፤ እናቴ ግን «አየህ፣ እሳቸው እንኳ የሚስታቸውን ስም ጻፉ» ትለዋለች።

እናቴን ሳላነሳ ስለሱ ማውራት አልችልም። መምህርነቱ የሱ ይሁን እንጂ ወጪው የቤታችን ነበር። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች፣ እሁድ እሁድ ስንቅ ተሸክመው የሚመጡትን ማለቴ ነው፣ ስንቃቸው ሐሙስ ያልቃል። ሐሙስ ማታ እኛ ቤት ይበዛ ነበር። «ሒሳብ ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት» ይላል ልጁ። እናቴ «ግባ፣ ሒሳቡ ምጣድ ላይ ነው» ትላለች። እንጀራዋን ስትጋግር እሱ ኩሽና ገብቶ ከእሳቱ አጠገብ ሮስተር ይሠራል፤ መብራቱ እዚያ ይሻላልና። በዚያ ዘመን ወንድ ኩሽና ገብቶ ሲቀመጥ ጎረቤት ምን እንደሚል ለዚህ ጉባኤ አልነግርም። የልጅነቴን ማታ ሳስብ ትዝ የሚለኝ የጤፍ ሊጥና የጠመኔ ሽታ በአንድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛ ክፍል ልውሰዳችሁ። የክፍሌ አስተማሪ እሱ ነው። እቤት «አባየ»፣ ክፍል ውስጥ «ጋሼ» ነው የምለው፤ አንድ ቀን ተሳስቼ «አባየ» ብዬው ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ።

በክፍላችን አንዲት የነገደ ወይጦ ልጅ ነበረች። ነገደ ወይጦዎች እነማን እንደሆኑ ባሕር ዳር የኖራችሁ ታውቃላችሁ። ከጣና ዳር የኖሩ፣ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ የሚናገሩ፣ ድሮ ጉማሬ የሚያድኑ ሕዝብ ናቸው። በዚያ በጉማሬው ሰበብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዕቃ አይጋራቸውም ነበር፤ እነሱ ራሳቸው እስልምናን ከተቀበሉ በኋላ እንኳ። ነገሩ በጨዋ ስብሰባ የማይነሳ ስለሆነ አናወራውም እንጂ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ልጅቱ በአንድ ዴስክ ላይ ብቻዋን ነበር የምትቀመጠው። እዚያ ተቀመጪ ያላት የለም፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነው። ሌሎቻችን በአንድ ዴስክ አራት ሆነን እንጋፋለን፣ መሬት የሚቀመጥም አለ። አባቴ መጀመሪያ ሳምንት ዝም ብሎ አየ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ቀን ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔውን አንስቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፈ። ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ።

«በአንድ ክፍል 71 ተማሪዎችና 18 ዴስኮች አሉ። በአንዱ ዴስክ አንድ ተማሪ ብቻ ቢቀመጥ፣ በቀሩት ዴስኮች ስንት ስንት ተማሪ ይደርሳል? ስንትስ ይተርፋል?»

ሠራን። ለ17 ዴስክ 70 ተማሪ፤ አራት አራት ይደርስና ሁለት ይተርፋል። ልጁ ሁሉ እጁን አወጣ። «ትክክል» አለ አባቴ። «ሁለቱ የት ይቀመጡ?» አሁን እጅ ያወጣ የለም። ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጁን አራገፈ፣ ወደኔ ዞረ። «ከሚተርፉት አንዷ አንቺ ነሽ። ደብተርሽን ያዢና ነዪ።» ሌላውን ግን አላስገደደም፤ እሱ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ተነስቼ ሄጄ ተቀመጥኩ። ደፋር ነበርኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ጫፍ ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ልወድቅ ደርሼ። እሷም በሌላው ጫፍ ነች። መሐላችን ሌላ ሦስት ሰው የሚይዝ ቦታ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ጓደኞቼ ሸሹኝ። ገመድ ዝላይ ላይ «አንቺ ነክተሻል» አሉኝ። ወደቤት ስመለስ ጠምቶኝ የጎረቤታችንን ሴትዮ ውሃ ጠየቅኳት፤ ሁልጊዜ በጣሳ የምትሰጠኝ ናት። የዚያን ቀን ጣሳውን ከፍ አድርጋ በእፍኜ አፈሰሰችልኝ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበር።

እናቴ ማታ ተቆጣች። እናቴን የሚያውቅ ቁጣዋን ያውቃል። «የራስህን ልጅ መሞከሪያ ታደርጋታለህ?» አለችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየፈታ ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ «የሰው ልጅ ባስቀምጥ ይከፋ ነበር» አለ። ሌላ መልስ አልነበረውም። ትክክል ነው ብሎ አልተሟገተም፤ ጥፋተኛ ነኝም አላለም።

ቅዳሜ እናቴ ልጅቱን ቤት ጠራቻት። የጠራችው እሷ ናት እንጂ አባቴ አይደለም፣ ይሄ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ጎረቤቶቿ ባሉበት፣ በረንዳ ላይ፣ ሽሮ ፈሰስ በአንድ ትሪ አቀረበች። ጠቅልላ ልጅቱን አጎረሰቻት። በዚያው እጇ ደግሞ እኔን አጎረሰችኝ። ቀጥላም ራሷ ጎረሰች። ከዚያ ጎረቤቶቿን ዞር ብላ አይታ «ኑ እንብላ» አለች። የመጣ ሰው አልነበረም። ቡናውን ግን አንዷ መጥታ ጠጣች።

ወሩ ሳያልቅ አባቴ የልጅቱን አባት ክፍል ይዞአቸው መጣ። የትምህርት ቤት በር ሲያልፉ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል፤ አንድ ሸክም ደንገል ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አባቴ ወንበሩን ሰጣቸውና፣ «ዛሬ ሳይንስ የሚያስተምሯችሁ እሳቸው ናቸው፤ ተነሱ» አለ። ተነስተን «እንደምን አደሩ መምህር» አልን። ሰውየው ደንግጠው ወደኋላ ዞረው አዩ፣ ለሌላ ሰው የተባለ መስሏቸው። ከዚያ ደንገሉን በቢላ ቆርጠው ውስጡን አሳዩን፤ ነጭ፣ ቀላል፣ አየር የሞላው። እንዴት እንደሚታሰር፣ አፍንጫው ለምን ወደላይ እንደሚታጠፍ፣ ታንኳው ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ለምን ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበት ነገሩን። አንድ ልጅ «እኛ ሰምጠን ታንኳው ለምን አይሰምጥም?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው አሰቡና «አንተ ትፈራለህ፣ እሱ አይፈራም» አሉት። አባቴ ስለመንሳፈፍ ሰሌዳው ላይ ሊጽፍ የተዘጋጀውን ትቶ ይቺኑ ጻፋት።

ሁሉ ነገር በዚያ ተለወጠ ብላችሁ ግን አልዋሻችሁም። ልጆቻቸውን ከክፍሉ ያስወጡ ወላጆች ነበሩ። እኔም ከጓደኞቼ ሁለቱን መልሼ አላገኘኋቸውም። ከልጅቱ ጋር ግን መሐላችን ያለው ቦታ እየጠበበ ሄዶ ዓመቱ ሲያልቅ በአንድ ላጲስ ነበር የምንጠፋው። አምስተኛ ክፍል ሳለን ቤተሰቧ ከነበሩበት ዳርቻ ተነስተው ሌላ ቦታ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

እኔ እዚህ ግቢ ስገባ በሩ ላይ የተጻፈው የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. ስመረቅ ከፖሊ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። አባቴ የኔን ዲግሪ ከሱ ወረቀት አጠገብ ሰቅሎ «አንድ ግቢ፣ ሁለት ስም፤ ሰው እንዳይሳሳት» ይል ነበር። ስለዚህ ዘመን ብዙ ማውራት ይቻላል፤ ስለ ሁለት ፈረቃው፣ ስለ ትምህርት በሬድዮ፣ ኋላም ስለመጣው ፕላዝማ። ፕላዝማውን በተመለከተ «ጥያቄ የማይቀበል መምህር» ከማለት በላይ አልተናገረም። ልዝለለውና ወደከበደኝ ነገር ልሂድ።

ሰው ስለ አባቴ ሲያወራ «ጥሩ መምህር፣ ጥሩ የቤተሰብ አባት» ይላል። በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክም እንዲሁ ይላል። ሁለቱ ነገሮች ግን በአንድ ሰው ላይ በሰላም የሚኖሩ አይደሉም። ይሄን ከታናሽ ወንድሜ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንድሜ እዚህ አለ፤ ይሄን እንድናገር ፈቅዶልኛል። እንዲያውም «አሳምረሽ እንዳትናገሪ» ነው ያለኝ።

ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረው አባቴ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ 46 አመጣ። ማለፊያው 50 ነው። ሮስተር ሲሠራ መምህራኑ «አራት ማርክ ነው፣ ሙላለትና ይለፍ» አሉት። ለልጅህ አድርግ ብለው ብቻ አይደለም፤ ለሌላም ልጅ የሚደረግ ነገር ነበር። አባቴ ዝርዝሩን ወደታች አየ። ከ46 እስከ 49 ያመጡ ሌሎች አምስት ልጆች አሉ። «ለስድስቱም የምሞላ ከሆነ ይሞላ፤ ካልሆነ የኔው ይደገም» አለ። ለስድስቱ መሙላት አልተቻለም። ስድስቱም ደገሙ።

አባቴ ትክክል ሠራ የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። እኔም ብዙ ዓመት እንዲያ ስል ኖሬአለሁ። እናንተ የሥነ ትምህርት ሰዎች ግን ክፍል መድገም ልጅን ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲመጣ በታችኞቹ ክፍሎች ልጅን በየጊዜው እየመዘኑ ማሳለፍ ተጀመረ። አባቴ ያን ጊዜ አልተቃወመም፣ ግን አላጨበጨበም፤ ዝም አለ። ወንድሜ ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀመጠ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልደረሰም። ከአባቴ ጋር በአንድ ቤት እየኖሩ ሰላምታ ብቻ የሆኑበት ዓመታት ነበሩ፤ ኋላም ወደ መተማ ሄዶ ሰሊጥ ላይ ሠርቶ፣ ታሞ፣ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ የጀልባ ሥራ ያዘ። ዛሬ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልስ የራሱ ሞተር ጀልባ አለው።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደብ ይወርድና ወንድሜ ጀልባ ላይ ይሳፈራል። ዘጌ ደርሶ ይመለሳል። እዚያ ጉዳይ የለውም። ሲወርድ ሒሳብ ያወጣል። ወንድሜ «አባየ ምን ነካህ፣ አስቀምጠው» ይለዋል። እሱ «ተሳፋሪ ነኝ» ይላል። ተሟግተው ተሟግተው ሁልጊዜ ይከፍላል። ሰው ሲያይ እንደ ቀልድ ነው፤ ወንድሜ ግን አንድ ቀን «ዕዳ የሚከፍል ነው የሚመስለው፣ እኔ ደግሞ መቀበሉ እየከበደኝ ነው» አለኝ።

በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ ስለዚያ 46 ጠየቅኩት። አሁን ቢሆን ትሞላለት ነበር ወይ አልኩት። «አልሞላለትም» አለ። ቆይቶ ደግሞ እንዲህ አለ፤ «የሚቆጨኝ ማስደገሜ አይደለም። ሲደግም ማታ ማታ እሱን ይዤ አልተቀመጥኩም። ያን ዓመት በየማታው የሰው ልጅ ነበር ቤቱ ውስጥ።» ዓይኑን ጨፈነ፤ የተኛ መስሎኝ ነበር። «አራት ማርክ ስንት ማታ ነው?» አለ።

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

አርባው ከወጣ በኋላ የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈትነው። ውስጡ የስም መጥሪያ ደብተሮች ናቸው። ሕጉን ታውቃላችሁ፤ ትምህርት ያቋረጠ ተማሪ ስሙ በቀይ ይሰረዛል። አባቴ አልሰረዘም። በእያንዳንዱ ያቋረጠ ልጅ ስም ትይዩ በእርሳስ ጽፎበታል። «ከብት ጥበቃ።» «ተዳረች፣ 13 ዓመቷ።» «እናቱ ሞታ።» አንዳንዱ ላይ ከዓመታት በኋላ በሌላ እስክሪብቶ የተጨመረ አለ። «አገኘኋት፣ ሁለት ልጆች፣ ማታ ትማራለች።» «ደብረ ታቦር፣ ነርስ።» ከዴስክ ጓደኛዬ ስም ትይዩ «ቁንዝላ ናቸው አሉ፣ ጠይቅ» ይላል። ከሥሩ ሦስት ቦታ ቀን ተጽፏል። ሦስት ጊዜ የጠየቀ ይመስለኛል።

የሰባተኛ ክፍሉንም አገኘነው። ከወንድሜ ስም ትይዩ 46 አለ። አጠገቡ የሆነ ነገር ተጽፎ ጠፍቷል፤ ተጽፎ ጠፍቷል። ላጲሱ ስለበዛበት ወረቀቱ ተበስቷል። ወንድሜ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ብዙ አየው፤ ማንበብ አልቻለም። ደብተሩን እሱ ወስዶታል፣ እዚህ የለም።

ሌሎቹን አምጥቻቸዋለሁ። ከአዳራሹ ውጭ ከመዝገቡ ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ከእናንተ ውስጥ በልጅነታችሁ እሱ ያስተማራችሁ አላችሁና ስማችሁን ፈልጉ። ያቋረጡትን ስም ስታዩ ደግሞ የት እንዳሉ የምታውቁት ካለ በእርሳስ ጻፉበት፤ እርሳሱ አጠገቡ አለ። ቁንዝላ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ እኔን አነጋግሩኝ።

በፕሮግራሙ ላይ እንደተጻፈው ከምሳ በኋላ የዘጌ ጉዞ አለ። አንደኛው ጀልባ የወንድሜ ነው፤ 8 ሰዓት ላይ ይነሳል። ዛሬ ሒሳብ አይቀበልም፤ ብትችሉ ተሟገቱት።